ሁለት ራይት

«ደርሻለሁ፤ በረንዳው ላይ ነኝ» ብዬ የጻፍኩላት ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ካፌ፣ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ መርጬ ተቀምጫለሁ። ቴሌግራሙ ላይ ሁለት ራይት ወጣ። አይታዋለች ማለት ነው። አስር ተኩል ሆነ። አስራ አንድ ሆነ። አስተናጋጇ ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ «ሰው እየጠበቅክ ነው?» ስትለኝ «አዎ፣ መንገድ ላይ ናት» አልኳት። ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ስደውል ጠርቶ ሳይጨርስ ተቋረጠ። ማታ ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት የፕሮፋይል ፎቶዋ የለም። ከስሟ ስር ያለው ጽሑፍም «ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከረጅም ጊዜ በፊት» ሆኗል። ከሰዓት መልእክቴን ያነበበች ልጅ!

አራት ወር አውርተናል። ሦስት ጊዜ በአካል ተገናኝተናል። የታናሽ ወንድሟን የማትሪክ ውጤት ከእሷ እኩል ተጨንቄ የጠበቅኩ ሰው ነኝ። ጸብ የሚባል አልነበረም። ዋዜማውን ማታ «ነገ ያንን ሰማያዊ ሸሚዝ ልበሰው» ብላኛለች። ለብሼው ነበር የሄድኩት።

ነገሩ ጎስት መደረግ ይባላል፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኔ ግን የኛ «ዘጋችኝ» ይሻለኛል። መንፈስ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አይታይም ነበር። የዘጋችህ ልጅ በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ትጨፍራለች፤ ኢንስታግራም ላይ የጋራ ጓደኛችሁን ፎቶ ላይክ ታደርጋለች። ሰውዬዋ አለች፤ የተዘጋው በሩ ብቻ ነው፤ ያውም ባንተ በኩል።

ከዚያ የሚመጣው የመርማሪነት ዘመን ነው። ሳልዋሽ ልናገር፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራዬ ይኸው ነበር። የቴሌግራምን ሕግ በቃሌ አጠናሁት። አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ቴሌግራም ሰርቨር ደርሷል ማለት ነው። ሁለት ራይት ደግሞ ቻቱን ከፍታ አንብባዋለች። ኖቲፊኬሽኑ ላይ ብቻ አይታ ካለፈችው ግን አንድ እንደሆነ ይቀራል። «በቅርቡ ታይታለች» የሚለው ከአንድ ሰከንድ እስከ ሁለት ሦስት ቀን ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። «ከረጅም ጊዜ በፊት» የሚለው ከወር በላይ ማለት ነው፤ ብሎክ የተደረገ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚያየው ይህንኑ ነው። ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ምን አገኘሁ? ምንም። ለምን እንደሆነ የሚነግር ራይት የለም።

ጓደኛዬ «ኔትወርክ ይሆናላ» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞክሮ ነበር። በዚህ አገር ይህ ሰበብ የሚናቅ አይደለም። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምም ፌስቡክም ቲክቶክም ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ያኔ ሰው ለሦስት ቀን ሲጠፋ «ቪፒኤኑ እምቢ ብሏት ነው» ብለን በሰላም እንተኛ ነበር። አሁን ሳስበው በዚያ አምስት ወር ስንቱ ሰው በክብር እንደተለያየ እንጃ! ዛሬ ግን ኔትወርኩ አለ፤ ራይቱም ሁለት ነው።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ትምህርቱ ሲጨንቀኝ ወደ ጭንቅላቴ ይመጣል። አልበርት ሂርሽማን የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ አለ፤ ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ድርጅቶችና ስለ መንግሥታት ነው። ሰው ያልተመቸው ነገር ሲገጥመው ሁለት መንገድ አለው ይላል፦ ወይ ይናገራል፣ ወይ ይወጣል። መውጣት ቀላል በሆነ ቁጥር ደግሞ የሚናገር ሰው እየጠፋ ይሄዳል። ዳቦ ቤቱ ጥሬ ዳቦ ሲሸጥልህ ማዶ ሌላ ዳቦ ቤት ካለ ማን ይከራከራል? ዝም ብለህ ትሻገራለህ። ዳቦ ቤቱም ደንበኛው ለምን እንደቀረበት ሳያውቅ ይከርማል።

እኔ ያ ዳቦ ቤት ሆኛለሁ።

ወላጆቻችን ዘመን መውጫው ውድ ነበር። ልጅቷ የሰፈር ልጅ ናት፤ ወይ የትምህርት ቤት፣ ወይ የአክስትህ ጎረቤት። ብትዘጋትም ነገ እድር ድንኳን ውስጥ ሰሃን ይዛ ታገኝሃለች፤ እናቷ ከእናትህ ጋር እቁብ ትጥላለች። አሁን ቴሌግራም ላይ ባለ የትውውቅ ቦት ወይ ቲክቶክ ላይቭ ላይ የተዋወቅከው ሰው ጋር አንድም የጋራ ዘመድ የላችሁም። ጨዋታው የአንድ ዙር ነው። ብሎክ የሚለውን መንካት ከታክሲ መውረድ ይቀላል፤ ለመውረድ እንኳ «ወራጅ አለ» ማለት ያስፈልጋል።

ሽማግሌ መላክን አስቡት። እሁድ ጠዋት ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች በር ላይ ቆመው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። የልጅቷ ቤተሰብ «እንመካከርበት፣ የዛሬ አስራ አምስት ቀን ኑ» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። መልሱ እምቢ ቢሆን እንኳ ሽማግሌዎቹ ተጠርተው ይነገራቸዋል፤ እነሱም ሄደው ለልጁ ቤት ይነግራሉ። የማይቀር መልስ ነበር። (ልጅቷ ራሷ ትጠየቅ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። ብዙዋ አልተጠየቀችም። ዘመኑ ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም።) ሥርዓቱን የተክነው ነፃነት ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ እምቢ የሚለውን ቃል ተሸክሞ የሚያደርስ ሰው ግን በቦታው አላስቀመጥንም። ራሳችን ልንሸከመው ይገባ ነበር፤ ከበደን።

የከበደንም በምክንያት ነው። እኛ እምቢ ማለት ያልተማርን ሰዎች ነን። ልጅ ሆነን እንግዳ ቤት «ብሉ» ስንባል «በቅቶኛል» ማለት እንጂ «አልወደውም» ማለት ነውር ነበር። ብድር ሲጠይቁን «የለኝም» ከማለት «እስቲ እናያለን» እንላለን። ሥራ ያመለከትንበት መሥሪያ ቤት «አላለፍክም» ብሎ አይጽፍም፤ «ተመራጮች ብቻ ይጠራሉ» ብሎ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ዝምታውን መተርጎም ያንተ ፋንታ ነው። ከተመረቅኩ ጀምሮ የላክሁትን ሲቪ ብዛት ረስቼዋለሁ። መልስ የመጣልኝ ግን በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። በዚህ ያደገ ትውልድ ፍቅር ላይ ሲደርስ በድንገት ግልጽ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ይሉኝታ እምቢ እንዳትል ያስርሃል፤ ስልኩ ደግሞ ሳትል እንድትወጣ በሩን ይከፍትልሃል።

ይህን ሐሳብ ለእህቴ ሳጫውታት በግማሽ መንገድ አቋረጠችኝ። «አንተ እምቢ ብለህ ተሰድበህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። አንድ ልጅ ጋር ሁለት ሳምንት አውርታ፣ በጨዋ ቋንቋ «ይቅርታ፣ እንደ ጓደኛ ብንቀጥል ይሻለኛል» ብላ ጽፋለታለች። ከስር የመጣው መልስ እዚህ ጋዜጣ ላይ የሚጻፍ አይደለም። ከስድቡ በኋላ «ሥራ ቦታሽን አውቀዋለሁ» የሚል አለበት። «ከዚያ ወዲህ አልናገርም። ብሎክ ብቻ» አለችኝ። ምን ልበላት? አንዳንዱ ዝምታ ራስን ማዳን ነው። የሚያስፈራ፣ የሚዝት፣ ራቁት ፎቶ የሚለምን ሰው ማብራሪያ አይገባውም፤ ማስረጃውን አስቀምጦ መዝጋት ነው። እንደውም እኛ ወንዶች እምቢታን እንደ ሰው መቀበል ብንለምድ ግማሹ ጎስቲንግ ይቀንስ ይመስለኛል። እኔ ራሴ ያን ቅዳሜ ማታ ስንት ነገር ጽፌ እንዳጠፋሁ አውቃለሁ። ደግነቱ ብሎክ ላይ ስለነበርኩ አልደረሳትም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የሌላ ጓደኛዬ ታሪክ ነው። ሰውየው አሜሪካ ነው። በፌስቡክ ተዋወቁ፤ ለገና መጥቶ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ ከቤተሰቦቿ ጋር ዶሮ በላ፤ ቀለበት አሰረ። ከሄደ በኋላ «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ» አላት። ፕሮሰስ የሚለው ቃል በዚህ ከተማ ያለው ክብደት ይገርመኛል፤ ሰው በቃሉ ብቻ ሥራ ይለቃል። እሷም ለቀቀች። በመጋቢት ስልኩ ይጠራ ነበር። በግንቦት መጥራት አቆመ። እናቷ እስከ ዛሬ ለጎረቤት «ወረቀቱ ዘገየ» ነው የሚሉት። ቢያንስ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ላላችሁ አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ፦ በአሜሪካ ሕግ ለእጮኛ ወይም ለትዳር ጓደኛ ማመልከቻ ሲገባ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የደረሰኝ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ያለው ሰው ጉዳዩ የት እንደደረሰ በድረ ገጽ ማየት ይችላል። ስለዚህ «ቁጥሩን ላክልኝ» ማለት አለማመን አይደለም። ቁጥር የሌለው ፕሮሰስ ገና ወሬ ነው። ይህን ያወቅኩት እሷ ሥራዋን ከለቀቀች በኋላ መሆኑ ያናድደኛል።

ወደ ራሴ ልመለስ። እንዴት ወጣሁበት ለምትሉኝ፣ በጥበብ አልነበረም። መጀመሪያ የጠቀመኝ አንድ የቴሌግራም ሴቲንግ ነው። የራስህን ላስት ሲን ከሰው ከደበቅክ የዚያን ሰው ላስት ሲን አንተም አታይም፤ ፕሪሚየም የከፈለ ካልሆነ በቀር። ብሎክ ያደረገችኝ እሷ ብትሆንም እኔ በሁለተኛ ቁጥሬ እየገባሁ አያት ነበር። (አዎ፣ አሳፋሪ ነው።) በሁለቱም ስልክ ላስት ሲኔን ለሁሉም ሰው ዘጋሁት። ማታ ሰባት ሰዓት ላይ ከማን ጋር እያወራች እንደሆነ መገመት የምችልበት መረጃ ጠፋ። ራሴን ልቆጣጠር ብዬ ለሁለት ሳምንት ያቃተኝን ነገር አንድ ቁልፍ በአንድ ቀን ሠራው። ፈቃደ ልቦናዬ ደካማ ነው፤ ሴቲንግ ግን አይደክምም።

ሁለተኛው ለሰው መናገር ነው። ወንድ ሆኖ «ተዘጋሁ» ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ጓደኞቼ ለአንድ ሳምንት ስቀውብኛል። ከሳቁ በኋላ ግን ከአምስታችን አራቱ ተመሳሳይ ታሪክ አወጡ። አንዱ ቴሌብር ላይ ገንዘብ ከላከላት ማግስት ነው የጠፋችበት፤ እሱ እንኳ ጎስቲንግ አይባልም፣ ሌላ ስም አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ነበር፤ ሰዎችን በኮምፒውተር ኳስ ያቀባብሏቸውና ድንገት ኳሱን ይከለክሏቸዋል። የተገለሉት ሰዎች አንጎል ውስጥ የነቃው ክፍል ከአካል ሕመም ጋር ከሚያያዙት አንዱ ነው። በማያውቁት ሰው፣ በጨዋታ ኳስ! አራት ወር ያወራኸው ሰው ሲከለክልህ ቢያምህ ቀሽም ነህ ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ ያን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ግን አጽናናኝ።

የማልመክራችሁ ነገርም አለ። ፌክ አካውንት ከፍቶ መጻፍ፣ የቻት ስክሪንሾት ግሩፕ ላይ መልቀቅ፣ ጓደኛዋን «ምን ብላ ነው?» እያሉ መጠየቅ። የመጨረሻውን ሞክሬው የተረፈኝ «እኔ አላውቅም ወንድሜ» የሚል አንድ መስመር ነው። ይልቅ አንድ ጊዜ፣ አንድ ብቻ፣ «ደህና መሆንሽን ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው፤ መቀጠል ካልፈለግሽም ይገባኛል» ብሎ መላክና ከዚያ መተው። ሁለተኛው መልእክት ልመና ነው፤ ሦስተኛው ማስቸገር። «አራት ወሬን ምን ላድርገው?» የሚል ስሜት ይመጣል፤ እኛ ሰንክ ኮስት የምንለው ነው፤ የወጣ ወጪ፣ የማይመለስ። ፈተና ላይ በትክክል መልሼው አውቃለሁ። ሕይወት ላይ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

እስካሁን ተበዳይ ሆኜ ነው የጻፍኩት። አሁን የቀረው ነው።

ከእሷ በፊት፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ፣ ከሌላ ልጅ ጋር አወራ ነበር። ነርስ ናት። በጣም ጥሩ ልጅ። ያኔ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር፤ የኔ ክፍያ ግን ባለበት ቆሟል፤ የምጽፍለት አንድ ድርጅትም የሁለት ወር ሒሳቤን ይዞብኛል። ቅዳሜ እንገናኝ አለችኝ። ኪሴ ውስጥ ከወር እስከ ወር የማያደርስ ታክሲ ብር ነው ያለው። ሁለት ማኪያቶና አንድ ቁራጭ ኬክ፣ ከዚያ እሷን በራይድ መሸኘት፣ በቃ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን በምን እበላለሁ? «ብር የለኝም» ብላት በእግራችን እንሄድ ነበር፤ ዛሬ ይገባኛል፤ እሷ እንደዚያ ዓይነት ልጅ ነበረች። ግን አልቻልኩም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንትም። ከዚያ መልእክቷን ኖቲፊኬሽኑ ላይ እያነበብኩ ቻቱን ሳልከፍት መተው ጀመርኩ፤ አንድ ራይት ሆኖ እንዲቀር። «ምነው በሰላም ነው?» ብላ የጻፈችው የመጨረሻዋ ነበር።

ረስቻት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በረንዳው ላይ ሰማያዊ ሸሚዜን ለብሼ እስክቀመጥ ድረስ ትዝ ብላኝ አታውቅም።

ባለፈው ወር ጻፍኩላት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያረቀቅኩት መጀመሪያ ረጅም ነበር፤ ስለ ኢኮኖሚው፣ ስለ ሒሳቤ፣ ስለ ጭንቀቴ። አጠፋሁትና እንዲህ አልኩ፦ «ሰላም ነሽ? የዛሬ ዓመት ያለ ምክንያት ጠፍቼብሽ ነበር። ምክንያቱ ገንዘብ አልነበረኝም፣ ያንን መናገር አፈርኩ። አንቺ ያጠፋሽው ነገር አልነበረም። መልስ አልጠብቅም፤ ይቅርታ ብቻ ልልሽ ነው።» ልኬ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ማታ፣ ከተረኛነት ስትወጣ ይመስለኛል፣ መለሰችልኝ። «አመሰግናለሁ። እኔ እኮ እናቴ ኩላሊቷን እንደምትታመም ከነገርኩህ በኋላ ስለነበር የጠፋኸው፣ ሸክም እንዳልሆንብህ ፈርተህ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለማንም ስለ እማዬ ተናግሬ አላውቅም።»

ስለ እናቷ የነገረችኝን አላስታውስም ነበር። ወደ ላይ ስክሮል አድርጌ ፈለግኩት። አለ። ሐሙስ ማታ የተጻፈ ነው፤ እኔ ቅዳሜን እንዴት እንደማመልጥ እያሰላሁ በነበርኩበት ሳምንት። ረጅም ነው፤ ስድስት ሰባት መስመር፤ ዲያሊሲስ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ከወንድሟ ጋር እንዴት ተራ እንደሚገቡ። ከስሩ የኔ መልስ «አይዞሽ 🙏» የሚል ነው።

«እማማ አሁን እንዴት ናቸው?» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ሁለት ራይት ሆነ። «እየጻፈች ነው» የሚለው ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ ብቅ አለ። ስልኩን በእጄ ይዤ ጠበቅኩ።